ሂውሚዲፋየራችንን ላስተካከሉልን ባለሙያ የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ታንኩ በውሃ ተሞልቶ እያለ «ውሃ አልቋል» የሚለውን ቀይ መብራት እያበራ ሥራ ያቆመብንን የቤታችንን ሂውሚዲፋየር (ውሃን ወደ ጭጋግ እየለወጠ የቤት አየርን የሚያረጥብ መሣሪያ) አስተካክለው ላስረከቡን የጥገና ባለሙያ ምስጋናዬን በዚህ ጽሑፍ አቀርባለሁ። «ጎበዝ ናቸው» ብሎ ማለፍ ባለሙያ ለሚፈልግ ሰው ብዙም ስለማይጠቅም፣ እሳቸውን የምጠቁምበትን ምክንያት በዝርዝር መግለጽ የተሻለ መስሎኛል።

ዕቃውን አስቀድሞ ያየው ሌላ ጠጋኝ ታንኩን እንኳ ሳያነሣ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዱ መቃጠሉንና መለወጥ እንዳለበት ነግሮን ነበር። እኚህ ባለሙያ ግን አንዲት ብሎን ከመፍታታቸው በፊት ታንኩ ሙሉ ሲሆን ከሥሩ ያለው ገንዳ ውሃ ይይዝ እንደሆነ ጠየቁን። ገንዳው ውሃ ይዞ ጭጋግ የማይወጣ ከሆነ ጥፋቱ ውሃውን በፍጥነት እያርገበገበ ወደ ጭጋግ በሚለውጠው ዲስክ ወይም በመቆጣጠሪያው ላይ ሊሆን እንደሚችል፣ ገንዳው ደረቅ ከሆነ ግን ኤሌክትሮኒክሱን ከመነካካት በፊት የውሃውን መንገድ መከተል እንደሚገባ አስረዱን። የእኛ ገንዳ ደረቅ ነበር።

ሶኬቱን ነቀሉ፣ ታንኩን ገለበጡና በክዳኑ መሐል ያለችውን በሞላ የምትሠራ ትንሽ ቫልቭ በጣታቸው ተጫኗት። እንዲህ ዓይነቱ ታንክ በቦታው ሲቀመጥ ከገንዳው የቆመ አጭር ዘንግ ቫልቯን ወደ ላይ ይገፋትና ውሃው ይወርዳል፤ የእኛዋ ግን ዙሪያዋን ነጭ የካልሲየም ቅርፊት ይዟት ንቅንቅ አልል ብላለች። ክዳኑን ግማሽ በግማሽ በውሃ በቀጠነ አቼቶ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ወዲያውም ከቅርፊቱ ላይ ደቃቅ አረፋ እየተከታተለ መውጣት ሲጀምር ጠርተው አሳዩንና አሲዱ ካልሲየሙን እያሟሟው መሆኑን ነገሩን። ግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ የቀረውን ለማስለቀቅ ለስላሳ የጥርስ ብሩሽ በቂ ሆነ። በቢላ ወይም በመርፌ መፋቅ ክፍሎቹን እንደሚጎዳ፣ አቼቶን ከበረኪና ጋር መቀላቀል ደግሞ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ስለሚፈጥር በፍጹም እንደማይሞከር በጥብቅ አሳስበውናል።

እኔን ይበልጥ ያስደሰተኝ ቫልቯ ስለተለቀቀች ብቻ ሥራው አልቋል ብለው አለመሄዳቸው ነው። የውሃውን መጠን ለማሽኑ የሚናገረው ተንሳፋፊ ክፍል በሚያንሸራትት ዝቃጭ ከሥር ተጣብቆ ነበር፤ ይህ ባይጸዳ ኖሮ ገንዳው ቢሞላም ቀዩ መብራት አይጠፋም ነበር። ከዚያም ታንኩን ሞልተው ክዳኑን ወደ ታች አድርገው በደረቅ ጨርቅ ላይ ለጥቂት ጊዜ ያዙት፤ ጨርቁም በክዳኑ ዙሪያ ልክ ክብ ሆኖ ረጠበ። ውሃው በክዳኑ ዙሪያ እንደሚያፈስ ስለታየም የደረቀውን የክዳኑን የጎማ ቀለበት ቀየሩት፤ የተለወጠ ዕቃ ቢኖር ይህ ብቻ ነው።

ታንኩ ወደ ቦታው ሲመለስ ትላልቅ አረፋዎች ቡልቅ ቡልቅ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። ውሃው የሚወርደው በምትኩ አየር ሲገባ ነው፤ የገንዳው ውሃ ከፍ ብሎ የክዳኑን አፍ ሲሸፍነው ግን አየሩ መግቢያ ስለሚያጣ ፍሰቱ በራሱ ይቆማል። ታንኩ ከተሰነጠቀ ወይም ቀለበቱ አየር ካስገባ ይህ ሚዛን ስለሚፈርስ ውሃው ገንዳውን አልፎ ወለል ላይ ይፈሳል፤ ቀለበቱን ቸል ያላሉትም ለዚህ ነበር። የቦርዱ መቃጠል ወሬ በዚሁ ቀረ።

ሲሰናበቱን ከተቻለ የተጣራ ውሃ፣ በተለይም ማዕድን የሌለበትን ዲስቲልድ ውሃ እንድንጠቀም፣ የተረፈውን በየቀኑ እንድንደፋና የቤቱ እርጥበት ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲሆን እንድንከታተል መከሩን። ከዚህ በላይ ሲሆን ሻጋታ ይጋብዛል።

እውነቱን ለመናገር ቀጠሮ ቶሎ አይሰጡም፤ ሥራቸውም ዝግ ያለ ስለሆነ የቸኮለ ሰው ሊሰለች ይችላል። ያለፈቃዳቸው ስልካቸውን እዚህ ማስቀመጥ ስላልፈለግሁ፣ የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አገናኛችኋለሁ። ስትደውሉላቸው ግን ገንዳው ደረቅ ይሁን ወይም ውሃ ይያዝ አስቀድማችሁ አይታችሁ ቆዩ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።