የአዳማ ልጆች፣ ጅራቱ የማይታጠፈውን የሪሞት አውሮፕላን አትግዙ

በሪሞት የሚበር አውሮፕላን ልትጀምሩ ካሰባችሁ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ።

«ለጀማሪ የሚሆን፣ ባለ ሁለት ሞተር» እየተባለ የሚሸጠው ቀላል የፎም አውሮፕላን ለአዳማ አይሆንም። ሳጥኑ ላይ የተዋጊ ጄት ሥዕል አለ፣ ዋጋውም ያጓጓል። ጉዱ ያለው ጅራቱ ላይ ነው። በክንፉና በጅራቱ ጠርዝ የሚታዩት ታጣፊ የሚመስሉ ክፍሎች ፎሙ ላይ የተሰመሩ መስመሮች ብቻ ናቸው። አውሮፕላኑ የሚዞረው አንዱን ሞተር ከሌላው በማፍጠን ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ ወይም ባትሪው ሲደክም መሪውም አብሮ ይጠፋል። አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ነፋስ ሰንጥቆ መመለስ አይችልም።

ከተማችን ደግሞ ነፋሷ የታወቀ ነው። 51 እና 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ሁለቱ የነፋስ ማመንጫዎች ያለ ምክንያት እዚህ አልተተከሉም። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ከሚነፍስ ነፋስ ጋር ፊት ለፊት ሲገጥም ባለበት ይቆማል፤ ነፋሱ ትንሽ ሲበረታ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከሪሞቱ ክልል ከወጣ አበቃ፣ ጣራ ላይ ወይም የሰው ማሳ ውስጥ ነው የምትፈልጉት። ከፍታችንም ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ15 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ደካማ ሞተር እዚህ ይብሱን ይደክማል።

ለጀማሪ የሚሆነው ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ የክንፉ ጫፎች ትንሽ ቀና ያሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር የሆነ፣ አንድ ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ነው። ሞተሩ ብራሽለስ (ብሩሽ አልባ)፣ ባትሪው ባለ 3 ሴል (11.1 ቮልት)፣ 2,200 ሚሊአምፒር ገደማ ይሁን። ጄት መሳዩን ለጊዜው እርሱት፤ ዝግ ሲል ይወድቃል።

«4 ቻናል ነው» (ከሪሞቱ ለየብቻ የሚታዘዙ አራት ነገሮች አሉት ማለት ነው) ቢሏችሁ በቃል አትመኑ፤ መብራቱን እንደ ቻናል የሚቆጥር ሻጭ አለ። ሱቁ ውስጥ ፕሮፔለሩን አስፈቱ፣ መጀመሪያ ሪሞቱን ቀጥሎ አውሮፕላኑን አብሩ። የሽቅብ ቁልቁሉን ጆይስቲክ ወደ ራሳችሁ ስትስቡ የጅራቱ አግዳሚ ጠርዝ ወደ ላይ መነሳት አለበት። የክንፉን ጆይስቲክ ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኝ ክንፉ ጠርዝ ይነሳል፣ የግራው ይወርዳል። እንቅስቃሴው ተገላቢጦሽ ቢሆን ሪሞቱ ላይ ይስተካከላል። ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ግን ጥላችሁ ውጡ።

ባትሪው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ያበጠ ባትሪ በነፃ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ፣ እሳት ያስነሳል። እያንዳንዱን ሴል አስለኩ፦ ሳይሠራበት የተቀመጠ ደህና ባትሪ 3.8 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ከ3 በታች የወረደ ተበላሽቷል። ሻጩ በሳጥኑ ከተጻፈው ያነሰ ባትሪ ቀይሮ ቢሰጣችሁ አፍንጫው ይቀላል፣ ጅራቱ ይከብዳል። ጅራቱ የከበደ አውሮፕላን ደግሞ ገና ከእጅ እንደወጣ ሽቅብ ቀጥ ይልና ይከሰከሳል። ባትሪው ውስጡ እንዳለ ከክንፉ የፊት ጠርዝ የስፋቱን ሩብ ያህል ገባ ብላችሁ በሁለት ጣት ከሥር አንሱት፤ አግድም ካልቆመና ጅራቱ ከወረደ ሚዛኑ ልክ አይደለም።

ድሮን ወደ አገር ለማስገባትም ለማብረርም የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር ፈቃድ ያስፈልጋል። የሪሞት አውሮፕላንም እንደ ድሮን ሊቆጠር ስለሚችል ሻጩ «ይሄ መጫወቻ ነው፣ ፈቃድ አይጠይቅም» ቢላችሁም የመረጣችሁትን አውሮፕላን ዓይነትና ክብደት ይዛችሁ መሥሪያ ቤቱን ጠይቁ፤ ቀብድም ቢሆን ከዚያ በፊት አትክፈሉ።