ለበርበሬ ችግኝ ተብሎ የሚሸጠውን ቀይ መብራት ከመግዛታችሁ በፊት

በውጭ አገር የምትኖሩና ብርዱ ሳያልፍ የበርበሬና የቃሪያ ችግኝ በቤታችሁ ውስጥ የምታፈሉ ወገኖቼ፣ በእኔ የደረሰው ኪሳራ በእናንተ እንዳይደገም ይህን እጽፋለሁ።

ከአንድ የኢንተርኔት ሻጭ «ለበርበሬ ችግኝ ልዩ፣ 1000 ዋት» የተባለለትን ቀይ ብቻ የሚያበራ የኤልኢዲ መብራት በ70 ዶላር ገዛሁ። ለዓመታት እየዘራሁ ያቆየሁትን የማረቆ በርበሬ ዘር በ40 ኩባያ አፍልቼ ከሥሩ ደረደርኩት። ችግኞቹ ፈጥነው ሲረዝሙ ደስ ብሎኝ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት ግን ግንዳቸው እንደ ክር ቀጥኖ፣ ቅጠላቸው ሳስቶ፣ ወደ ትልቅ ዕቃ ሳዛውራቸው አብዛኞቹ ከወገባቸው ታጠፉ።

የሻጩ ቃል ገዢን የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ክሎሮፊል፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው የቅጠል አረንጓዴ ቀለም፣ ቀይ ብርሃንን በሚገባ ይቀበላል፤ 660 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) አካባቢ ያለው ቀይም ተክሉ ምግቡን እንዲያዘጋጅ ይረዳዋል። ይሁን እንጂ ተክል በብርሃን የሚመገብ ብቻ ሳይሆን ያለበትን ቦታም በብርሃን ቀለም የሚለይ በመሆኑ፣ 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ሲጎድልበት ግንዱን የሚገታው ምልክት ይጠፋና ጥላ ውስጥ እንደበቀለ ሁሉ ሽቅብ ይመዘዛል። በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በታተመ ጥናት፣ በቀይ ኤልኢዲ ብቻ ያደገ በርበሬ ሰማያዊ ከተጨመረለት ያነሰ ክብደትና ያነሰ ቅጠል ነበረው። በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ቃሪያ የበቀለበት ሣጥንም ከቀዩ ጋር ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ነጭ መብራቶች ያሉት ነው።

የዋቱም ነገር እንዲሁ ነው። «1000 ዋት» የተባለው መብራት በፍጆታ መለኪያ ስለካው የሚወስደው 38 ዋት ብቻ ነበር። ሻጩን ስጠይቀው ቁጥሩ «አቻ» ማለት እንደሆነ፣ ማለትም መብራቱ በእርግጥ የሚወስደው ሳይሆን ከሌላ ዓይነት መብራት ጋር ተነጻጽሮ የተሰጠ እንደሆነ ነገረኝ። ገንዘቤንም አልመለሰልኝም፤ መመለሻው 14 ቀን ብቻ ስለነበር፣ ጉዳቱ በችግኙ ላይ እስኪታይ ቀኑ አልፎ ነበር። ከሁሉም ያሳዘነኝ ይህ ነው።

ስለዚህ መብራቱ በእርግጥ የሚወስደውን ዋት፣ የብርሃኑን ቀለም ሥርጭት የሚያሳይ ሥዕልና በተወሰነ ርቀት የሚሰጠውን የማይክሮሞል መጠን (ተክል የሚጠቀምበት ብርሃን የሚለካበት) የማይገልጽ ሻጭ ካጋጠማችሁ አትግዙ። ሉመን የሚለካው ለሰው ዓይን የሚታየውን ድምቀት በመሆኑ ለችግኝ በቂ መረጃ አይሆንም። ተራ ነጭ ኤልኢዲ ከሰማያዊ ብርሃን ተነሥቶ የሚሠራ ስለሆነ፣ የተሟላ ብርሃን ያለው ነጭ መብራት ለችግኝ ይበቃል፤ እኔም ሁለተኛውን ዙር ያፈላሁት በእሱ ሲሆን ግንዳቸው ወፍሮ ቆሟል። የገዛችሁትን መብራት ግን ዘር ሳትዘሩ፣ በደረሳችሁ ዕለት በመለኪያ ፈትኑት።