ማማ ናታሊ፦ ታጥቀው የሚያምጡባት ሞዴል

ስኪል ላባችን (ተማሪዎች በሞዴል የሚለማመዱበት ክፍል) ውስጥ ሁለት «እናቶች» አሉ፤ ሁለቱም የማዋለድ መለማመጃ ሞዴሎች ናቸው። አንዷ ሙሉ ገላ ያላት፣ በኮምፒውተር የምትሠራ፣ ዓይኗን የምታርገበግብ ናት። ሌላዋ ሆድና ጭን ብቻ ናት። ሻንጣ ውስጥ ትገባለች። ስሟ ማማ ናታሊ ይባላል። እንግዳ ሲመጣ የምትጎበኘው አንደኛዋ ናት። ተማሪ የሚማርባት ግን ሁለተኛዋ ናት። ከሌሎች ኮሌጆች የምትደውሉልኝ ባልደረቦች «በጀት ተገኝቷል፣ የቱን እንግዛ?» ትሉኛላችሁ። ለሁላችሁም አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

ሚድዋይፍ ነኝ። አምባሰል ጤና ጣቢያ ውስጥ ሳዋልድ ቆይቼ ነው ደሴ የገባሁት። አሁን ተማሪዎችን ተግባር አስተምራለሁ።

አሠራሯ ቀላል ነው። መምህሯ አልጋ ላይ ትቀመጥና ሞዴሏን እንደ መቀነት ወገቧ ላይ ታስራለች። ሕፃኑ ውስጥ አለ። መምህሯ ከላይ እጇን አስገብታ ትገፋዋለች፤ ስትፈልግ ደግሞ ትይዘዋለች። በራሱም በመቀመጫውም ልታመጣው ትችላለች። እትብት አለ፣ የእንግዴ ልጅ አለ። ደም የሚያዝበት ከረጢትም አለ። መክፈቻውን ስትለቂው ሰው ሠራሽ ደም ይፈሳል። ማህፀኑ ይላላ ወይስ ይጠንክር፣ ያንንም የምትወስነው መምህሯ ናት። የፅንሱን የልብ ምት ሳይቀር በጣቷ እየመታች ታሰማለች። መብራት አያስፈልጋትም። ደሴ ለምትኖሩ ይህን ማብራራት አይጠበቅብኝም።

እኔን የማረከኝ ግን ይህ ሁሉ አይደለም። ሞዴሏ አፍ አላት። አፏ ታጥቃት የተቀመጠችው ሰው ናት።

ልምምዱ ሲጀመር እኔ ሲስተር መሆኔ ይቀራል። ከተንታ በቃሬዛ ወርዳ፣ መኪና ጠብቃ፣ ሌሊቱን ስታምጥ ያደረች ሴት እሆናለሁ። «ውሃ ስጡኝ» እላለሁ። «አልተኛም፣ ልንበርከክ» እላለሁ። «አማቴ ውጭ ናት፣ ጥሩልኝ» እላለሁ። ወንድ ተማሪ ከሆነ ፊቴን አዞራለሁ። መጀመሪያ ሁሉም ይስቃል። ይሳቅ። ትንሽ ቆይቶ ላቡ ይመጣል።

ቅደም ተከተሉን በቃሉ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይያዛል። ጓንት ያደርጋል፣ ጨርቁን ያነጥፋል፣ ከዚያ «ግፊ! ግፊ!» ብቻ። አልገፋም። «ማነህ አንተ? ስምህን እንኳ መች ነገርኸኝ?» እለዋለሁ። ሕፃኑንም እይዝበታለሁ። ግራ ይገባውና ቀና ብሎ ፊቴን ያያል። የምፈልገው ያቺን ቀና ማለት ነው። ጥሩዋ ተማሪ ደግሞ ገና ስትገባ «አብሽሪ እናቴ፣ አለሁልሽ» ትላለች። እጇን ትከሻዬ ላይ ታደርጋለች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ሳትነግረኝ አትነካኝም። ለእሷ ሕፃኑን እለቅላታለሁ።

የኮምፒውተሯ እናት ይህን አታስተምርም። ተቀድቶ የተጫነላት ድምፅ እንግሊዝኛ ነው። ከጎን ሆኖ በማይክ መናገር ይቻላል፤ ሞክሬዋለሁ። ግን ተማሪው ድምፁ ከሚመጣበት ሰው ጋር ዓይን ለዓይን አይገናኝም። ተማሪው መድኃኒት ሲሰጥ «ስንት ሰጠህ?» ብላ የምትቆጣ ዘመድም የላትም። እኛ ለማማ ናታሊ አንዷን ተማሪ አማት አድርገን እናስቀምጣለን። ወሎ ውስጥ አማት የሌለችበት ምጥ ምን ዓይነት ምጥ ነው?

ደሙ ሌላው ትምህርት ነው። ስንት እንደሞላሁ እኔ አውቃለሁ፣ ተማሪዎቹ አያውቁም። ጨርቁ ከራሰ፣ ወለሉ ከቀላ በኋላ «ስንት ፈሰሳት?» እላለሁ። «ሁለት መቶ» ይላሉ። የሞላሁት ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። በምጥ ከወለደች በኋላ 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከፈሰሳት ብዙ ደም ፈሷታል እንላለን። ዓይን ግን ብዙ ደም ሲፈስ አብዛኛውን ጊዜ ያሳንሳል። ሰው ይህን ከመጽሐፍ አንብቦ አያምንም። የቆመበት ወለል ሲረጥብ ያምናል። ልጁ እንደወጣ መንታ አለመኖሩን አይቶ፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን (ማህፀንን አጠንክሮ የደም መፍሰስን የሚከላከል መድኃኒት) በአንድ ደቂቃ ውስጥ ጡንቻ ላይ መውጋት እንዳለበት ማንም ተማሪ ይነግርሻል። ደም እየፈሰሰ፣ አማት እየጮኸች፣ መርፌው የት እንደተቀመጠ ሲጠፋው ግን እውቀቱ ሌላ መልክ ይይዛል።

ከማማ ናታሊ ጋር የሚሠራው ሕፃን ኒዮ ናታሊ ነው። ሁለት ሊትር ለብ ያለ ውሃ ይሞላል። እጅሽ ላይ ስትይዢው ልክ እንደ ልጅ ዝልፍልፍ ይላል፣ ይከብዳል። ትንንሽ መጭመቂያዎች አሉት። አንዱን ስትጨምቂ ይተነፍሳል፣ ሌላውን ስትጨምቂ ያለቅሳል፣ ሌላው እትብቱ ላይ ምት ይሰጣል። ምንም ካልጨመቅሽ ዝም ነው። የማይተነፍስ ልጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አየር ማግኘት አለበት። ወርቃማዋ ደቂቃ የምንላት ናት። የአምቡ ባጉ (በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠው ከረጢት) ማስክ ፊቱ ላይ በደንብ ካልገጠመ ደረቱ አይነሳም። ሞዴሉ አይዋሽም፣ አያዝንም።

ላርዳል የሚባለው የኖርዌይ ድርጅት ነው ማማ ናታሊንና ኒዮ ናታሊን የሠራቸው። መሥራቹ አሻንጉሊት ሠሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 ነው የልብና የትንፋሽ መመለሻ መለማመጃ የሆነችውን ሪሰሲ አንን ያወጣው። ግን ሐሳቡ ከዚያ በጣም ይቀድማል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ማዳም ዱ ኩድሬ የምትባል ፈረንሳዊት አዋላጅ ከጨርቅ የተሠራ ሞዴል ይዛ በንጉሡ ፈቃድ ገጠር ለገጠር እየዞረች ሴቶችን ታስተምር ነበር። እኔም ሻንጣዬን ይዤ በሚኒባስ ኩታበርና ሐይቅ ስወርድ ትዝ ትለኛለች። የኮምፒውተሯን እናት ይዞ ሐይቅ የሚወርድ ካለ እስቲ አሳዩኝ።

ጉድለቷን ልንገራችሁ። ፊት የላትም፤ መንጣት፣ መገርጣት፣ ቀዝቃዛ ላብ የሚባል ነገር አታሳይም። የደም ግፊትና የልብ ምት በቃል መንገር ግዴታ ነው። የተቀደደ መስፋት አትለማመዱባትም፤ ለዚያ ሌላ ሞዴል ያስፈልጋል። ስታምጡ መዋል ወገብ ይይዛል፤ ስለዚህ መምህራን ተፈራረቁ። ትልቁ ጣጣ ግን የታጠቃት ሰው ነው። መምህሩ ዝም ብሎ ስልኩን እያየ ከታጠቃት ማማ ናታሊ ተራ ላስቲክ ናት። ግፊት እየወረደ፣ ሞኒተር እየጮኸ ቡድን ተናብቦ እንዲሠራ ስትፈልጉ፣ ወይም እናትየዋ ስትንቀጠቀጥ ማሳየት ሲያሻችሁ፣ የኮምፒውተሯ ትሻላለች። መብራትና ባለሙያ ካላችሁ አልቃወምም።

አንድ ነገር ግን ያንገበግበኛል። ፈታኝ ሆኜ በሄድኩበት አንድ ኮሌጅ ሞዴሏ ከነላስቲኳ ንብረት ክፍል ተቆልፋለች። «እንዳትበላሽ» ነው ምክንያቱ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ የነኳት በፈተናው ቀን ነው። ታዲያ ያልነኳት ሞዴል ሳትበላሽ፣ ዋርድ ውስጥ የማን ገላ ላይ ሊለማመዱ ነው? ከገጠር የመጣች እናት ዙሪያዋን ተማሪ ተኮልኩሎ፣ አንዱ ሲወጣ ሌላው ጓንት ሲያደርግ እያየች «ለምን?» ብላ የማትጠይቀው መብቷን የነገራት ስለሌለ ነው። ሞዴል ይቀደድ፣ ይቆሽሽ፣ ይለቅ። ለዚያ ነው የተገዛው።

እንግዲህ ምርጫዬ ግልጽ ነው። በአንዷ ትልቅ ዋጋ ብዙ ትንንሾቹን ግዙ። ግዢ ክፍል ስትጽፉ ሕፃኑ አብሮ መምጣቱን አስረግጡ። ጥቁር ቆዳ ያለውን እዘዙ፤ አለ። የደሙን ማቅለሚያ በትርፍ ጨምሩ፣ መጀመሪያ የሚያልቀው እሱ ነው። እኛ ሲያልቅብን ቀይ የምግብ ቀለም በውሃ በጥብጠን ሠርተናል፤ ነጭ ጋውን ላይ ግን አይለቅምና ያረጀ ልብስ ልበሱ።