ካይሮ ላይ ልጆቻችንን እንደ ልጆቹ ለያዘልን ወንድም

ጽሁፉ ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝ። ምስጋና ነው። ተማሪ ይዞ ውጭ አገር ለመሄድ ለሚያስብ መምህር ደግሞ ጥቆማ ይሆናል።

ባሕር ዳር ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። በግማሽ ዓመቱ እረፍት፣ ጥር መጨረሻ ላይ፣ ሦስት መምህራን ሆነን 16 የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች ይዘን ካይሮ ሄድን። አምስት ቀን ቆየን። የተቀበለንና ያዞረን እዚያው ከተማ 14 ዓመት የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ አልጽፍም። ልጆቹ «ጋሼ» ነበር የሚሉት፤ እኔም እንደዚያው ልጥራው።

ጋሼን ያገኘነው አንዴ ከተቃጠልን በኋላ ነው። ዓምና አንድ የጉዞ ወኪል ቀብድ ተቀብሎን፣ መሄጃችን ሦስት ሳምንት ሲቀረው «አልተሳካም» አለን። ገንዘባችን እስኪመለስ አራት ወር ፈጀ። ወላጆች ፊት ቆሞ ያንን ማስረዳት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ስለዚህ ዘንድሮ አንዲት ባልደረባዬ «ካይሮ የማውቀው ሰው አለ» ስትለኝ ልቤ አልተቀበለውም ነበር።

እሱ ግን ገና ስለ ክፍያ ሳናወራ የጠየቀኝ ስለ ልጆቹ ነው። አስም ያለበት አለ? የማይስማማው ምግብ ያለው አለ? የሚጾሙት ስንት ናቸው? አርብ መስጊድ የሚሄዱትስ? በቴሌግራም በድምፅ እየላከ አንድ በአንድ ጠየቀኝ። የቢጫ ወባ ክትባቱንም ያስታወሰን እሱ ነው። ካርዱ የሚሰራው ከተከተቡ 10 ቀን ካለፈ በኋላ ነው። እኛ ደግሞ በመጨረሻው ሳምንት ልናስከትብ አስበን ነበር! ጃኬት አስይዟቸው ያለንም እሱ ነው። በረሃ ነው ብለን በሸሚዝ ልንሄድ የነበርነው ሰዎች የካይሮ የጥር ማታ እንዴት እንደሚበርድ ደርሰን አየነው።

ፒራሚዱን አየን። ሲሰራ 146 ሜትር ገደማ ነበር የሚባለው የኩፉ ፒራሚድ ሥር ቆሞ ቀና ማለት እውነትም ያፈዝዛል። እኔን እንባ ያስያዘኝ ግን ሮዳ ደሴት ላይ ያለ አንድ ጉድጓድ ነው።

በዕቅዳችን ውስጥ አልነበረም። ጋሼ ምን እንደማስተምር ጠየቀኝና «ጂኦግራፊ» ስለው «እንግዲያው አንድ ቦታ ሳላሳይሽ አትመለሺም» አለኝ። ግብፆቹ ሚቅያስ ይሉታል፤ መለኪያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ861 የተሰራ ነው። በድንጋይ የተገነባ ጥልቅ ጉድጓድ ነው፤ ግድግዳውን ተከትሎ ደረጃ ይወርዳል። መሃሉ ላይ ባለ ስምንት ጎን የእብነ በረድ ዓምድ ቆሟል። ዓምዱ በክንድ በክንድ ምልክት ተደርጎበታል። ድሮ አባይ ሲሞላ ውሃው በመሬት ውስጥ ቦይ እየገባ ዓምዱን ይወጣዋል። 16 ክንድ ከደረሰ ዓመቱ የጥጋብ ነው። ካነሰ ረሃብ ይፈራል። በጣም ካለፈ ደግሞ ጎርፍ ነው። ገበሬው የሚከፍለው ግብር ሳይቀር የሚታየው በዚሁ ልክ ነበር።

ጋሼ ልጆቹን ደረጃው ላይ ሰብሰብ አድርጎ አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ሐምሌ ላይ እናንተ ሰፈር ምን ይሆናል?»

ዝም አሉ። ቆይታ አንዷ «ይዘንባል» አለች።

«እዚህ የሚለካው እሱ ነበር» አላቸው።

ግብፅ ከሚደርሰው የአባይ ውሃ ወደ 85 በመቶ የሚሆነው ከኢትዮጵያ እንደሚነሳ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ። ለፈተና ይሸመድዱታል። እዚያ ደረጃ ላይ ግን አንዱ ተማሪዬ ክንዱን ዘርግቶ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ዓምዱን ከሩቅ ሲለካ አየሁት። ሌላዋ «ቲቸር፣ ውሃው የታለ ታዲያ?» አለችኝ። ጉድጓዱ አሁን ደረቅ ነው። ትልቁ የአስዋን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1970 ካለቀ ወዲህ ያ የክረምት ሙላት ካይሮ አይደርስም። ይህንን ለማስረዳት ክፍል ውስጥ ሁለት ፔሬድ ይፈጅብኝ ነበር።

ስለ ግድብ ካነሳሁ ልናገረው፤ ስለ ሕዳሴው ግድብ ልጆቼን ክፉ የሚናገራቸው ሰው ይኖር ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። የጉድጓዱ ጠባቂ ከየት እንደመጣን ሲጠይቅ ልቤ ደነገጠ። ጋሼ ከጣና ዳር እንደመጡ ነገረው። ሰውዬው ሳቀና ሻይ ካልጠጣችሁ አትሄዱም አለን። ጠጣን።

ምግብ ላይ አንድም ቀን አልተቸገርንም። ረቡዕና አርብ ለሚጾሙት ኩሻሪ አስለመዳቸው። ሩዝ፣ ምስር፣ መኮሮኒና ሽምብራ ተደባልቆ ቲማቲም ስልስና የተጠበሰ ሽንኩርት ይደረግበታል። ልጆቹ እስካሁን ያወሩለታል። አርብ ዕለት ሙስሊም ተማሪዎቻችንን እሱ ራሱ ከ1,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ወዳለው ወደ አል አዝሃር መስጊድ ወሰዳቸው። የቀሩት ከእኔ ጋር ቅድስት ቤተሰብ በስደት ያረፈበት ነው ወደሚባለው ወደ አቡ ሰርጋ ቤተክርስቲያን ሄዱ። ጳጳሶቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ከግብፅ ይመጡ እንደነበር ለሚያውቅ ሰው ያ ሰፈር እንግዳ አይሆንበትም።

አሁን ወደ አራተኛው ሌሊት ልምጣ። ቀን ጊዛ ላይ አቧራ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ ተማሪዬ አስሙ ተነሳበት። የያዘው በአፍ የሚሳብ መድኃኒት አላሻለውም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ደወልኩ። ጋሼ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ታክሲ ይዞ በር ላይ ነበር። የትኛው ሐኪም ቤት እንደምንሄድ ቀድሞ ያውቀዋል። ዶክተሩ የሚለውን ለእኔ፣ እኔ የምለውን ለዶክተሩ ያስተረጉማል። ልጁን በጭምብል የሚሳብ መድኃኒት ሰጡት። ጋሼ እስኪነጋ እግሩ ሥር ተቀምጦ እጁን ይዞ አደረ። ጠዋት እናቱ ጋ ስደውል ቃል አጥሮኝ ስንተባተብ ስልኩን ተቀበለኝና «እህቴ፣ አይዞሽ፣ ልጅሽ ቁርስ እየበላ ነው» አላት። ያቺ እናት ያን ድምፅ አልረሳችውም።

ሂሳብ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው አላየሁም። ክፍያውን አስቀድሞ ቁርጥ አድርጎ ነገረን። የመግቢያውን፣ የአውቶብሱን፣ የሐኪም ቤቱን ደረሰኝ ሁሉ ደብተር ላይ ለጥፎ፣ የተረፈንን 1,140 የግብፅ ፓውንድ ኤርፖርት ላይ ቆጥሮ መለሰልን።

ለምትፈልጉት አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቪዛ አይጨርስም፤ ያንንና የወላጅ ፈቃዱን ራሳችሁ ነው የምትጨርሱት። ከ20 ልጅ በላይ አይቀበልም። ቀን ሥራ ላይ ስለሚሆን መልእክት የሚመልሰው ማታ ነው። ሙዚየምና ፒራሚድ ላይ ፈቃድ ያለው ግብፃዊ አስጎብኚ ይጨምራል፤ የዚያ ክፍያ ለብቻው ነው፤ አትከራከሩት። ስልኩን እዚህ አደባባይ ላይ አልለጥፍም። የምር የምትሄዱ መምህራን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሱን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ።

ጋሼ፣ ይህንን እንደምታነበው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። የልጁ እናት በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታልሃለች። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ካይሮ የሚመጣ ሰው አግኝተናል፤ ስልክህን እንዳትዘጋ።