ኒኮን ዲ5300 የያዛችሁ፣ ሌንስ ላይ ያለ «ኤኤፍ» የሚል ጽሑፍ አያታልላችሁ

ወፍ ለማንሳት ብላችሁ ያገለገለ፣ ሩቁን የሚያቀርብ 70-300 ሌንስ የምታፈላልጉ ካላችሁ፣ ብር ከመቁጠራችሁ በፊት የኔን ጉድ ስሙ።

ካሜራዬ ኒኮን ዲ5300 ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሱቅ «ኤኤፍ ኒኮር 70-300» የሚል (ኤኤፍ ማለት ኦቶ ፎከስ፣ ምስሉን በራሱ የሚያጠራ ነው)፣ ጭረት የሌለው ሌንስ አገኘሁ። ሻጩ ከመደርደሪያው ሌላ ኒኮን ካሜራ፣ ዲ7000 አውርዶ ገጠመለትና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ታፔላ አነጣጠረ። ዚዝ ብሎ ያዘ። «ይኸው ኦቶ ፎከስ!» አለኝ። የሁለት ወር ደሞዜን ሰጠሁት፤ በራሴ ካሜራ ልሞክረው ማለት አልመጣልኝም።

ቅዳሜ ሐዋሳ ወረድኩ። ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ አለፍ ብሎ፣ ያቺ ጥቁርና ነጭ ዓሣ አዳኝ ወፍ ሐይቁ ላይ አየር ላይ ቆማ ክንፏን ታርገበግባለች። የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ ግማሽ ድረስ ብጫን ሌንሱ ዝም። ጥፋቱ የኔ መስሎኝ ኪት ሌንሱን (ከካሜራው ጋር የመጣውን) መልሼ ፎከሱን ኤኤፍ-ሲ (የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከታተለው) አደረግሁ፣ የፎከስ ነጥቡን ከ39 ወደ 9 አወረድኩ፣ የማንሻ ፍጥነቱን 1/2000 ሰከንድ ሞላሁ። በኪቱ ሁሉም ይሠራል። አዲሱን ስገጥም ያው ዝም። በዚያ አቧራ ስንቴ ሌንስ እንደቀያየርኩ አትጠይቁኝ።

ነገሩ ሴቲንግ አልነበረም። ኒኮን ላይ የፎከሱ ሞተር ወይ ቦዲው (ካሜራው ራሱ) ውስጥ ነው ወይ ሌንሱ ውስጥ። ዲ7000፣ ዲ7200፣ ዲ90 በቦዲያቸው አላቸው። ዲ3000ዎቹና ዲ5000ዎቹ የላቸውም። «ኤኤፍ» ብቻ የሚል ሌንስ ደግሞ የሚያዞረው ቦዲ ይፈልጋል፤ ከኋላው ብረቱ ላይ በመፍቻ የምትዞር የምትመስል ትንሽ ብሎን አለችው። እሷን ካያችሁና «ኤኤፍ-ኤስ» (የራሱ ሞተር ያለው) የሚል ካጣችሁ፣ ለኛ ካሜራ አይሆንም። «ኤኤፍ-ፒ» የሚለው፣ እሱም የራሱ ሞተር ያለው ሌንስ፣ ዲ5300 ላይ ፈርምዌሩ (የካሜራው የውስጥ ሶፍትዌር) ሲታደስ ይሠራል፤ ዲ3200 እና ዲ5100 ላይ ግን አይሠራም።

ሰኞ ተመልሼ ብሄድ ሻጩ ሜኑዬን ከፍቶ «ካሜራህ ራሱ ኤኤፍ-ኤስ ይላል እኮ፣ ሴቲንግህን አስተካክል» አለኝ። ፊደሉ አንድ ነው፣ ነገሩ ሌላ። ሌንስ ላይ ሲጻፍ ሞተር አለው ማለት ነው፤ ሜኑ ውስጥ ያለው አንዴ ይዞ የሚቆልፈው ነው፣ ለምትበር ወፍ ጭራሽ የማይሆነው። ያውቃል ወይስ አያውቅም፣ እስካሁን አልገባኝም። ቀጥሎ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» መጣ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት አለው ይላል፤ እኔ ግን ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ያለ ደረሰኝ ነው የገዛሁት።

አሁን በሌንሱ የማነሳው አባ ኮዳዎችን ነው። በእጄ አዞራለሁ፣ መመልከቻው ውስጥ አረንጓዴዋ ነጥብ ስትበራ እጫናለሁ፤ እነሱም ዓሣ ገበያው ላይ እንደ ሸንጎ ሽማግሌ ቆመው ይጠብቁኛል። ዲ7000 ወይም ዲ7200 ያለው ካለ እሸጥለታለሁ። የራሱን ካሜራ ይዞ ይምጣ።