የዊልት 100 ወይስ የኮቢ 81?

እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 ሄርሺ፣ ፔንሲልቫኒያ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ዊልት ቻምበርሌይን ኒው ዮርክ ኒክስ ላይ 100 ነጥብ አስቆጠረ፤ ቡድኑ ፊላደልፊያ 169 ለ147 አሸነፈ። ከ63 ሙከራ 36፣ ከ32 የቅጣት ምት 28 አገባ። በቅጣት ምት ደካማነቱ ለሚታወቅ ሰው እውነተኛው ተአምር ይሄ ነው። መጨረሻው ግን ቅጥ አጣ፦ ኒክሶች ኳስ እሱ ጋ እንዳይደርስ በሌሎቹ ላይ ጥፋት ሲሠሩ፣ ፊላደልፊያዎችም ኳሱን ቶሎ ለማግኘት አጸፋውን መለሱ።

የኮቢ ብራያንት 81 (ጃንዋሪ 22 ቀን 2006፣ ቶሮንቶ ላይ) ይበልጥ ያስፈልግ ነበር። ቡድኑ ሌከርስ በ18 ነጥብ ተመርቶ ነበር፤ ኮቢ በሁለተኛው አጋማሽ ብቻ 55 አስቆጥሮ ጨዋታውን 122 ለ104 ገለበጠው። ከቡድኑ ነጥብ የኮቢ ድርሻ 66 በመቶ፣ የዊልት 59 ነው። በእርግጥ ኮቢ ከሩቅ የሚወረወሩ 7 ባለሦስት ነጥብ ኳሶች አግብቷል፤ በዊልት ዘመን በኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) የሦስት ነጥብ መስመር አልነበረም።