የአንድ ወር "ዜሮ ስኳር" ፕሮግራም፦ ሌብል ማንበቢያው አሪፍ ነው፣ የቀረው ግን...

ቸኩያለሁ ለምትሉ፣ ለአንድ ወር ስኳር ለሚያስቆመው ለዚህ የአፕ ፕሮግራም ከ5 ኮከብ 2 ተኩል ነው የሰጠሁት፣ እሱም አብዛኛው ለሌብል ማንበቢያው (የዕቃውን ጀርባ በካሜራ አንብቦ ስኳሩን ለሚያሳየው የአፑ ክፍል) ነው። ጊዜ ያላችሁ ግን ተከተሉኝ፣ ትንሽ ይረዝማል። እኔ ከመክፈሌ በፊት አስተያየት ስፈልግ ያገኘሁት ሁሉ ወይ "ሕይወቴን ቀየረልኝ" ወይ "ሌቦች ናቸው" የሚል ነው፣ ሞክሮት ይሄ ይሠራል ያ አይሠራም ብሎ የጻፈ ሰው አጣሁ። ስሙን አልጠራም፣ መጥራቱም አያስፈልግም፣ የዚህ ዓይነት ፕሮግራም ሞልቷል፣ ዝርዝራቸውም አንዱ ከአንዱ የተገለበጠ ነው የሚመስለው።

ከምን እንደተነሳሁ ልንገራችሁ። ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ ዓይኔ መክደን ሲጀምር ለስላሳ፣ ማታ ደሞ ከራት በኋላ "አንድ ብስኩት ብቻ" ብዬ ፓኮውን ባዶ ማድረግ። የስኳር በሽታ የለብኝም፣ ክብደቴም ያን ያህል አላስጨነቀኝም። ያስጨነቀኝ አምሮቱ ነው፣ ቤት ውስጥ ጣፋጭ ሲጠፋ የምሆነውን ነገር አይቶ የማይስቅብኝ የለም።

ከፍላችሁ ስትገቡ የምታገኙት አንድ አፕ፣ የሚበላና የማይበላ ዝርዝር፣ ጠዋትና ማታ "ዛሬስ?" እያለ የሚነዘንዝ ቼክ-ኢን፣ ግሩፕ ቻት፣ እና በፖስታ የሚመጣ፣ ጂምኔማ ከሚባል ቅጠል የተሠራ ከረሜላ ነው (ወደሱ እመለሳለሁ፣ እሱ ለብቻው ትያትር ነው)። የማይበላው ዝርዝር ላይ ስኳር፣ ማር፣ ሽሮፕ፣ ጁስ፣ ለስላሳ አለ፣ እሺ ይሄ ይገባኛል። ከዛ ግን ፍራፍሬ በሙሉ፣ ወተት፣ ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ድንች፣ በላዩ ላይ ደሞ ቡናና ሻይ። የቀረላችሁ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ለውዝ፣ ዘይትና ውሃ ነው። ይሄ ስኳር ማቆም ነው ወይስ ቅጣት ብዬ ግሩፑ ላይ ስጠይቅ "ሰውነትህ እየጸዳ ነው ታገስ" የሚል መልስ ከነ ልብ ስቲከሩ መጣልኝ።

የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን ፈለጠኝ ብል አልተጋነነም። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ነጭናጫ ሆንኩ፣ ሰው ሰላም ሲለኝ ራሱ ያናድደኛል። አፑ ይሄን "የስኳር መርዝ ሲወጣ ነው" ይለዋል። ወገን፣ ቡና የለመደ ሰው ቡና ድንገት ሲያቆም ራስ ምታቱ በ12 እና በ24 ሰዓት መሃል ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይከፋል፣ አንዳንዱን ሰው ሳምንት ያልፈዋል፣ ይሄ የታወቀ የካፌይን ማቆም ምልክት ነው። ቡናውንና ስኳሩን በአንድ ቀን ከልክለህ ሕመሙን ሁሉ ለስኳር መስጠት ብልጠት ነው፣ ሰዉ በታመመ ቁጥር ፕሮግራሙ እየሠራለት ይመስለዋላ! ቡናዬን ያለ ስኳር መልሼ ስጀምር ራስ ምታቱ ያን ቀኑን ለቀቀኝ። ድካሙ ግን ቆየ፣ እሱ ከዳቦና ከሩዝ መጥፋት ጋር የመጣ ነው፣ ካርቦሃይድሬት በጣም ሲቀንስ ሰውነት ውሃና ጨው ስለሚያፈስ ያዛላል።

ክብደቱም እንደዛው ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ደህና ወረደ፣ ግሩፑ ላይ ሁሉም የሚዛን ፎቶ እየለጠፈ ጭብጨባ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ ግላይኮጅን የሚባል የተጠራቀመ ካርቦሃይድሬት አለ፣ እያንዳንዱ ግራም ደሞ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ዳቦ ስታቆሙ ያ ሁሉ ተያይዞ ይወጣል፣ ዳቦ ስትበሉ ተያይዞ ይመለሳል። ሁለት ኪሎ ድረስ ውሃና ግላይኮጅን ብቻ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይሄን አፑ ላይ የትም አልተጻፈም፣ "ስብ እያቃጠሉ ነው እንኳን ደስ አለዎት" የሚል ርችት ግን አለ።

አሁን ወደ ጥሩው። ሌብል ማንበቢያው የምር አሪፍ ነው። የዕቃውን ጀርባ በካሜራ ታነሱታላችሁ፣ ስኳር የሆነውን ስም ሁሉ በቀይ ያሰምርላችኋል፦ ግሉኮስ፣ ፍሩክቶስ፣ ዴክስትሮስ፣ ማልቶስ፣ የሩዝ ሽሮፕ፣ የበቆሎ ሽሮፕ፣ የተጨመቀ የፍራፍሬ ጁስ። ንጥረ ነገሮች የሚጻፉት ከሚበዛው ወደሚያንሰው ነው አይደል፣ ስለዚህ ስኳሩን አራት ቦታ በአራት ስም ከከፋፈሉት እያንዳንዱ ወደ ታች ይወርድና አንደኛ ላይ አጃ ይቀመጣል፣ እኛም ጤናማ ነው ብለን እንገዛለን። እኔ ጤናማ እያልኩ ጠዋት ጠዋት የምበላው ግራኖላ (የአጃ ቁርስ) ላይ አምስት ቀይ መስመር ወጣ፣ አንዱ "ስኳር አልተጨመረበትም" የሚል ብስኩት ላይ ደሞ ሁለተኛው ንጥረ ነገር የተጨመቀ የወይን ጁስ ነው። ካቻፕ ራሱ አንድ የሾርባ ማንኪያው 4 ግራም ገደማ ስኳር አለው፣ 4 ግራም ማለት አንድ የሻይ ማንኪያ ሙሉ ነው። ግራሙን ለ4 ማካፈል ከለመዳችሁ በኋላ ሱፐርማርኬት ውስጥ በሰላም መሄድ የለም፣ 330 ሚሊ የኮላ ጣሳ 35 ግራም ገደማ ነው፣ ዘጠኝ ማንኪያ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። እኔ እሱን ነበር በየቀኑ ሻይ ላይ ካለው ውጪ የምጨምረው።

ማንበቢያው ጉድለትም አለው። ምንም ያልተጨመረበትን እርጎ ስካን ሳደርገው "5 ግራም ስኳር፣ የተከለከለ" አለኝ። እሱ ላክቶስ የሚባለው የወተቱ የራሱ ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ ቀንሱ የሚለው የተጨመረውን ስኳር፣ ማርን፣ ሽሮፕንና ጁስን ነው፣ ሙሉ ፍራፍሬና ወተት ውስጥ ያለውን አይቆጥርም። ልኩም ከቀኑ ካሎሪ ከ10 በመቶ በታች ነው፣ ቢቻል ከ5 በመቶ በታች፣ እሱም ወደ 25 ግራም ወይም ስድስት የሻይ ማንኪያ ይሆናል። ዜሮ አላለም እኮ! ሙዝና ለስላሳን አንድ መደብ ያስቀመጠ ፕሮግራም ሰውን የሚያስተምረው ምኑን እንደሆነ እንጃ።

ጂምኔማው ጋ ስንመጣ፣ ይሄ ነገር ማየት ያለባችሁ ነው። ቅጠል ነው፣ ከረሜላ አድርገው ሠርተውታል፣ አፍ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሟሟ ምላስ ላይ ያለውን ጣፋጭ የሚቀምሰውን ተቀባይ ይዘጋዋል። መራራ ነው። አፌ ውስጥ ካለቀ በኋላ አንድ ማንኪያ ስኳር ቃምኩ፣ በቃ አሸዋ ነው፣ ጥርሴ ላይ ይንኮሻኮሻል እንጂ ምንም ጣዕም የለውም። ቸኮሌት ሞከርኩ፣ መራራና ቅባት ብቻ፣ ከላንቃዬ ጋር እየተጣበቀ። ፖም ነከስኩ፣ ኮመጠጠኝ። ቤት የመጣ ሰው ሁሉ እየሞከረ ሲስቅ አመሸን። ግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይቆያል ከዛ ይለቃል። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አምሮቱ ሲመጣ እጄ የሚሄደው ወደ ብስኩቱ ነው፣ ወደ ጂምኔማው አይሄድም። እሱን አስታውሶ የሚያነሳ ሰው ብስኩቱን ላለመብላት አስቀድሞ የወሰነ ሰው ነው። ከራት በኋላ ላለው ሰዓት ግን ይጠቅማል፣ ሳህን እያጠብኩ አፌ ውስጥ ካደረግኩት ማታውን በሰላም አልፋለሁ።

ኮከብ ያስቀነሰብኝ ዋናው ነገር ቀን መቁጠሪያው ነው። አንዴ ከተሳሳታችሁ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ግሩፑ ላይም ስማችሁ አጠገብ ይታያል። አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ሰው ሲበላ አይቼ ግማሽ ብርቱካን በላሁ፣ ብርቱካን! ዜሮ አደረገኝ። ያን ቀን ማታ "ካልቀረ አይቀር" ብዬ ምን እንዳደረግኩ መገመት አያቅታችሁም፣ ግሩፑ ላይም በየሳምንቱ መጨረሻ የሚነበበው ይሄው ታሪክ ነው፣ ብርቱካኑ ወይ ዳቦ ወይ ወተት ይሆናል እንጂ። አፑ "ስኳር እንደ ዕፅ ሱስ ነው" እያለ የአይጥ ጥናት ይጠቅሳል። የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ጥናት ከሆነ፣ ስለሱ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ጽሑፍ ላይ በስኳር ውሃው ላይ ተስገብግበው የሱስ ዓይነት ምልክት ያሳዩት አይጦች በየቀኑ 12 ሰዓት ያህል ምግብ እየተከለከሉ ከዛ የሚሰጣቸው ናቸው፣ ስኳሩም ምግቡም ቀኑን ሙሉ ክፍት የነበረላቸው እንደዛ አልሆኑም። ማለትም ጥናቱ ስለ ስኳር ብቻ ሳይሆን ስለ መከልከልም ይናገራል፣ አፑ ግን ግማሹን ብቻ ነው ያነበበው።

በነገራችን ላይ ሌሊት ሌሊት የኬክ አሠራር ቪዲዮ ማየት ጀምሬ ነበር፣ ኬክ ጋግሬ የማላውቅ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ወንዶች በፈቃደኝነት ለወራት ምግብ ተቀንሶባቸው ሲጠኑ አንዳንዶቹ የምግብ አሠራር መጽሐፍ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። ሲነበብ የሚያስቅ ይመስላል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክሬም ሲቀባ እያዩ ምራቅ ለሚውጥ ሰው ግን አያስቅም።

አፑ ውስጥ ሱቅም አለ፣ የስቴቪያ (ስኳር ያልሆነ ማጣፈጫ) ጠብታ፣ "ዜሮ" ቸኮሌት ምናምን ይሸጣል። ይሄ ትንሽ አሳቀኝ፣ ሙዝ ተከልክሎ ቸኮሌት ተፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዲህ ያሉ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር ብላችሁ አትጠቀሙ ብሎ መክሯል (የስኳር በሽታ ያለባቸውን አይመለከትም)። እኔ ግን ያልገዛሁት በሌላ ምክንያት ነው፣ የመጣሁት ምላሴ ጣፋጭ እንዲረሳ ነው፣ እነሱ ደሞ እየሸጡልኝ ነው።

"በ30 ቀን ምላስዎ ይታደሳል" የሚለው ማስታወቂያም እንዳያታልላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ላይ ስኳር የቀነሱ ሰዎች ያንኑ ፑዲንግ የሚባል ጣፋጭ ምግብ ካልቀነሱት ይልቅ የበለጠ ጣፋጭ ሆኖ ያገኙት ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ነው፣ ጎልቶ የታየው ወደ ሦስተኛው ወር ላይ። የአንድ ወር ፕሮግራም ነገሩ ሊጀምር ሲል አልቋል ብሎ ይሸኛችኋል። እኔ ከዛ በኋላ ዝርዝሩን ጥዬ ሦስት ነገር ብቻ ይዤ ቀጠልኩ። ለስላሳ ቤት አይገባም። ሻይ ላይ ያለው ስኳር በየሁለት ሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ ይቀንሳል። ከሰዓት በኋላ አምሮቱ ከመምጣቱ በፊት እንቁላል ወይ ለውዝ ወይ እርጎ እበላለሁ፣ ያ ሰዓት ላይ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚለኝ ግማሹ ረሃብ ስለሆነ። ፍራፍሬ እንደፈለግኩ። አሁን ሻይ ግማሽ ማንኪያ ላይ ነው፣ ሰው ቤት ሄጄ ሦስት ያለበት ሲቀዳልኝ ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ብስኩቱ ግን አልተሸነፈም፣ እሱ ላይ ገና እየተደራደርን ነው።

ኢንሱሊን ወይም ስኳር የሚያወርድ ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ሐኪማችሁን ሳታማክሩ እንዳትሞክሩት፣ ምግቡን ድንገት ቀንሳችሁ መድኃኒቱን በልኩ ከወሰዳችሁ ስኳራችሁ አደገኛ ቦታ ድረስ ሊወርድ ይችላል፣ ጂምኔማውም ራሱ ስኳር የማውረድ ነገር አለው። ከምግብ ጋር ተጣልታችሁ የምታውቁ ከሆነ ደሞ ያ ዜሮ የሚያደርገው መቁጠሪያ ለእናንተ አይደለም።

መግዛት አለብኝ ካላችሁ አጭሩን ፓኬጅ ግዙ፣ የምታነሷቸውን ዕቃዎች ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስካን አድርጋችሁ ስሞቹን ልመዱ፣ ማሳወቂያውን አጥፉት። ክፍያው በራሱ እንደሚታደስ ደሞ በትንሽ ፊደል ነው የተጻፈው፣ አፑን ከስልክ ላይ ማጥፋት ሰብስክሪፕሽኑን አያቆመውም፣ የስልኩ የክፍያ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ ራሳችሁ ነው የምትሰርዙት።